አባቴ ያልዘራበት ስድስት ሜትር

ጽሑፉ ይረዝማል፣ ጊዜ የሌለው ሰው አስቀምጦት ማታ ያንብበው። ስለ መንገድ ነው። ስለ አስፋልት ግን አይደለም። ከጎበሳ ወጣ ብሎ ከፒስታው ተገንጥላ ወደ እኛ ሰፈር ስለምትገባ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳን ስለማትሞላ መንገድ ነው። ስም የላትም። ስም እንደሌላት ራሱ ያወቅኩት በቅርቡ ነው።

ነሐሴ ውስጥ የጎረቤታችን ምራት ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ተደወለ፣ እውነቱን ለመናገር ቶሎ መጣ። ፒስታው ላይ ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ትንሽ ሄደ፣ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ ተመለሰ። "እዚህ ከገባሁ እኔም እንደሷ ተሸክማችሁ ነው የምታወጡኝ" አለ አሉ። አልፈርድበትም። አገራችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ኮቲቻ በክረምት ምን እንደሚሆን። በዚያ ላይ መንገዷ በአንድ በኩል ጎርፍ ቦርቡሯታል፣ በሌላው በኩል ማሳ ገፍቷታል፤ ለጋሪ እንኳን የምትጠብ ሆናለች። ልጅቷን በቃሬዛ አወጧት። ስምንት ወንዶች እየተፈራረቁ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

መንገዱ ነው የገደለው ብዬ አልምልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ያቺን ሰዓት ከአእምሮዬ ላወጣት አልቻልኩም።

ለመጠየቅ ከአሰላ ስሄድ ሽማግሌዎቹ ጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። "ቲቸር፣ አንተ የተማርክ ነህ። ይቺን መንገድ የሚሠራልን ማን እንደሆነ ጠይቅልን" አሉኝ። ከዚህ በፊት ስንቱን ጠይቅልን ብለውኝ እሺ ብዬ እንደረሳሁ እነሱም እኔም እናውቃለን። የዚያን ቀን ግን አዋላጅዋን ለመጥራት በጨለማ የሮጠው ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበርና በማግስቱ ሄድኩ።

የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ጥፋት ፍለጋ አይደለም የመጣሁት፣ ሰውየውም ቀና ሰው ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ዝርዝር አሳየኝ። የመንገዱ ስም፣ ከየት እስከ የት፣ ርዝመት፣ ጠጠር ነው አፈር፣ መቼ ተሠራ፣ መቼ ተጠገነ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ። ከላይ እስከ ታች አብረን አነበብነው። የኛዋ የለችም። "ቲቸር፣ እዚህ የሌለ መንገድ መጠገን አልችልም። በጀት የምጠይቀው በዚህ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ለኔ መንገድ አይደለም" አለኝ። ቀጥሎም፣ "እስቲ መሬት ጋ ጠይቅ። መንገድ ካልሆነ ምን ሆኖ እንደተመዘገበ እይ" አለ።

ይቺ የመጨረሻዋ ምክሩ ነች ጉድ ያወጣችው።

መሬት ክፍል የተቀመጠው ወጣት ተማሪዬ የነበረ ነው (ይሄን እያነበብክ ከሆነ ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ)። ካርታውን ስክሪን ላይ ከፈተው። መንገዷ ከፒስታው እንደ ቀጭን ክር ተነስታ ትመጣለች፣ ትመጣለች፣ የኛ ማሳ ጋ ስትደርስ ትጠፋለች። ከማሳችን ማዶ እንደገና ብቅ ትላለች። መሬት ውስጥ ገብታ የወጣች ይመስላል። ልጁ ትንሽ አፈረና "ቲቸር፣ ይሄ የናንተ ይዞታ ነው። መንገዱ በእናትህና በወንድምህ ስም ነው ያለው" አለኝ።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

ወረቀቱን ፈልጎ አመጣ። የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሲሠራ ከላይ የተነሳ ፎቶ ታትሞ ይመጣል፤ ቡድኑ ከባለ ይዞታውና ከአዋሳኞቹ ጋር ድንበሩን እየዞረ ፎቶው ላይ ያሰምራል፤ ከዚያ ካርታው ቀበሌ ውስጥ ለሕዝብ ተለጥፎ ስህተት ያለበት እንዲናገር ይጠየቃል። ወንድሜ ነበር ያዞራቸው። ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ግን ቤተሰቡን ወክሎ አይቶ "ትክክል ነው" ብሎ የፈረመው ሌላ ሰው ነው። ፊርማውን አወቅኩት። የናንተን የፈተና ወረቀት ሁሉ ስፈርምበት የኖርኩት ፊርማ ነው።

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ለበዓል መጥቼ ነው። እናቴ "አንተ ማንበብ ስለምትችል እይልን" ብላ ላከችኝ። የእናቴ ስም በትክክል መጻፉን አየሁ። ስፋቱን አየሁ። ቤት ስመለስ ስፋቱን ስነግራት "መሬቱ አደገ እንዴ?" ብላ ሳቀች። ድሮ በገመድ ተለክቶ ነው፣ ይሄኛው በሳተላይት ስለሆነ ነው ብዬ አስረዳኋት። ማብራሪያዬ እንዴት ያምር ነበር! መሬቱ ያደገው መንገዱን ውጦ ነው። መፍቻውን፣ አቅጣጫውን፣ መስፈርቱን ሳታዩ ካርታ አታንብቡ እያልኩ ነጥብ የቀነስኩባችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ተበቅላችሁኛል።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። መንገዷን ያለ እሱ ታሪክ ማስረዳት አልችልም።

በ1978 መንደር ምሥረታ አርሲ ሲደርስ እኛም ቤታችንን አፍርሰን ቆርቆሮውን ተሸክመን ወደ አዲሱ መንደር ገባን። ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ገመዱን ነው። ካድሬዎቹ ገመድ ወጥረው ቤቱንም መንገዱንም ቀጥ ቀጥ አድርገው አሰመሩት። ከመንደሩ ወደ ፒስታው የምታወጣዋ መንገድ ያኔ ተከፈተች፤ ስፋቷ ስድስት ሜትር፣ የአባቴን ማሳ መሃል ለመሃል ሰንጥቃ። ማንም አልጠየቀውም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ሰው ሁሉ በሳምንት ውስጥ ቤቱን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። የመንደሩ መንገዶች በአንድ ክረምት ታረሱ። ማን ይፈርዳል? በግድ የተወሰደ መሬት ነው።

አባቴም መሬቱን መልሶ ያዘ። ያቺን ስድስት ሜትር ግን አልነካትም። ግራና ቀኙን ያርሳል፣ መንገዷ ላይ ሲደርስ ሞፈሩን ያነሳል። ጎረቤቶች ሞኝ ነው አሉት። እሱ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ "ካራን ከን ኡመታቲ"፤ መንገድ የሕዝብ ነው። ከዚያ በላይ አያብራራም። ክረምት ሊገባ ሲል አካፋውን ይዞ ቦዩን ሲከፍት ይውላል፤ እኔና ወንድሜ እንጎትትለታለን። ውኃው መውጫ ካላገኘ መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል ይል ነበር። ኢንጂነሮችም ከዚህ የተለየ አይሉም፤ የአፈር መንገድ የሚሞተው መሃሉ ዝቅ ብሎ ውኃ ሲተኛበት ነው።

አባቴ በ1994 ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረንጓዴው ደብተር በእናቴ ስም ተሰጠ። ቦዩን መክፈት ቀረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት እያለ ሃያ ዓመት አለፈ።

ሕጉ ምን ይላል ብላችሁ ለምትጠይቁኝ (ሁለት ጠበቆች እንዳሉባችሁ አውቃለሁ፣ አርሙኝ)። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድ ለሕዝብ አገልግሎት የተለየ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ማንም ረጅም ጊዜ ስለያዘው የራሱ ሊያደርገው አይችልም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ ያለን የመጠቀም መብት ነው። በዚህ ሂሳብ "የግል መንገድ" የሚባል ነገር በገጠር መኖሩ ራሱ ግራ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አለ። እኛ ጋ ለምሳሌ አራት መቶ ሜትር አለን።

ከላይ ያለው በደንብ የተደራጀ ነው። ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ "አውራ ጎዳና" የሚሉት መሥሪያ ቤት ከ1943 ጀምሮ አለ፣ ስሙ ይቀያየራል እንጂ። አገሪቱን የሚያቋርጡት ዋና መንገዶች፣ አገናኞች፣ መዳረሻዎች፣ ሰብሳቢዎች፣ መጋቢዎች ተብለው በደረጃ ተከፍለው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ቀጥሎ የክልል፣ ከዚያ የወረዳ፣ የከተማ ደግሞ ለብቻው። በ1989 የአገሪቱ መንገድ በሙሉ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2007 ከ110,000 አለፈ። የጭማሪው ብዙው ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት በ2003 በተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ ዩራፕ በምንለው፣ የመጣ የወረዳ መንገድ ነው። የኛ ቀበሌም ደርሶታል፤ በሌላው በኩል እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገብቶ አበቃ። ቁጥሩ ውስጥ ያ አለ። የኛዋ የለችም።

በዚያው በ1989 የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ፤ ከምንቀዳው ነዳጅ ላይ ለጥገና እየተቆረጠ ለፌዴራሉ፣ ለክልሎችና ለከተሞች ይከፋፈላል። አሪፍ ሐሳብ ነው፣ አልቃወምም። ግን ስንዴያችንን የሚያጭደው ኮምባይነር በሚጠጣው ናፍጣ ሁሉ የመንገድ ጥገና ይከፍላል፣ ያው ኮምባይነር ደግሞ መንገዳችን ስለጠበበ በሰው ቃርሚያ ላይ ዞሮ ነው ማሳችን የሚደርሰው። ለዞረበትም ደላላው ይጨምርብናል።

አንድ ወሬ ጣል ላድርግ። ይሄን ነገር ስልክ ላይ ሳወራው እንግሊዝ አገር የሚኖር ተማሪዬ የነገረኝ ነው፣ በኋላ እኔም አነበብኩት። እዚያ በአካባቢው አስተዳደር ወጪ የሚጠገኑ መንገዶች ዝርዝር መያዝ በሕግ ግዴታ ነው (ሕጉ እ.ኤ.አ. የ1980 ነው)፤ ማንም ሰው ገብቶ በነፃ ማየት ይችላል። ደግሞ ሕዝብ የሚሄድበት ሆኖ አስተዳደሩ የማይጠግነው መንገድም አለ። የማለፍ መብትና የመጠገን ዕዳ ለየብቻ ናቸው ማለት ነው። እኛ ጋ ሁለቱ ተደባልቀው፣ መጠገን የለበትም የተባለው ቀስ እያለ ማለፍም የማይቻልበት ይሆናል። እኔ የምለው፣ የይዞታ ካርታ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ለጥፈን "እዩና ታረሙ" ካልን፣ የመንገዱን ዝርዝርስ አጠገቡ መለጠፍ ምን ያስከፍላል? አንድ ወረቀትና አራት ሚስማር ነው። ያን ቀን ተለጥፎ ቢሆን እኔም እንኳን አየው ነበር። ምናልባት።

አሁን ከባዱ ክፍል። ወንድሜ።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አራት ልጆች አሉት፣ እናታችንን የሚጦረው እሱ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ በየዓመቱ አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም ወደ መንገዷ ገባ። ካርታው ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰተት አለ። ስድስት ሜትር በአራት መቶ ሜትር 2,400 ካሬ ሜትር ነው፤ ሩብ ሄክታር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ዘመኑ ጥሩ ከሆነ ስምንት ኩንታል ስንዴ አያጣበትም። ይሄን ስነግረው የመለሰልኝን ልጻፈው።

"ወንድም ጋሼ፣ ካርታው ያንተ ነው ይለኛል። ግብር የምከፍልበት እኔ ነኝ። ባለፈው ጥር የተላከልህ ስንዴ ከየትኛው ማሳ ይመስልሃል?"

መልስ አልነበረኝም። ስንዴውን በልቼዋለሁ። እንጀራውን አመስግኜ፣ ለጎረቤት አሰላ ላይ "የአገር ቤት ስንዴ ቅመሱ" ብዬ አዳርሻለሁ።

"ሲያሰምሩ መንገድ አለ ብለህ ለምን አልነገርካቸውም?"

"አልጠየቁኝም። አንተስ ሲለጥፉት ለምን አልነገርካቸውም?"

እዚህ ላይ እናቴ ከጓዳ ወጣች። አሮጌውን አረንጓዴ ደብተር በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበር። አልተናገረችም፤ ከፈተችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። በድሮው ደብተር የኛ መሬት አንድ ማሳ አይደለም፤ ሁለት ነው። ያኔ ካርታ የለም፣ በአራቱም አቅጣጫ አዋሳኙ ማን እንደሆነ ብቻ ይጻፋል። የመጀመሪያው ማሳ፦ በደቡብ፣ "ካራ"። ሁለተኛው ማሳ፦ በሰሜን፣ "ካራ"። መሃላቸው ያለውን ማንም አልመዘገበውም፤ ግን ሁለቱም ወገን መንገድ ብሎ ይጠራዋል።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ከላይ እስከ ፒስታው ድረስ መንገዷ የምትነካቸው ቤተሰቦች ደብተር ስንሰበስብ የሰባቱን አገኘን። አንዲት እናት ከሳጥን ሥር አውጥተው አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉት። የአንዱን አይጥ በልቶታል፣ ደግነቱ አዋሳኙ የተጻፈበትን ገጽ አልነካውም። ሁሉም ላይ አለች፦ ካራ፣ ካራ፣ ካራ። መንገዷ በራሷ ስም አንድም ቦታ አልተመዘገበችም። የተመዘገበችው የሰው መሬት የሚያልቅበት ቦታ ሆና ነው።

ተማሪዬ ደብተሮቹን አይቶ ካርታውን ማረም እንደሚቻል ነገረን፤ ግን ባለ ይዞታዎቹ ራሳቸው ማመልከት አለባቸው፣ አዋሳኞችም መመስከር። ማለትም እናቴና ወንድሜ። ያለ ወንድሜ ፊርማ ሌላው መንገድ ክስ ነው፤ እኔ ደግሞ ወንድሜን የምከስበት አንጀት የለኝም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን ወንድሜ ተነስቶ ሄደ። በሁለተኛው ቀን እናቴ ነች የተናገረችው፤ ድምጿን ሳታሰማ፣ ቡናውን እየቀዳች። "አባትህ አሥር ዓመት ጦሙን አሳደረው። ልጆቹ በርቦናል ብለው ያውቃሉ?"

ተርቦ እንደሚያውቅ እኔም ወንድሜም እናውቃለን። በ1986 አካባቢ አንድ መጥፎ ዓመት ነበር። ግን ማናችንም አልመለስንላትም።

ወንድሜ በመጨረሻ እሺ አለ፣ ግን ሁለት ነገር አስጻፈ። አንደኛ፣ እሱ ብቻ ሳይሆን ባህር ዛፍ የተከሉትም፣ አጥር ያወጡትም ሁሉ ይመለሱ። ይሄ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ማሳው ጋ ስድስት ሜትር፣ ሁለት ቤቶች ባሉበት አምስት ሜትር ተባለና ታረቁ። ሁለተኛውን በራሱ አፍ ልጻፈው፦ "መንገድ ነው ካላችሁ መንገድ ተብሎ ይመዝገብ፣ የሚጠግነውም ይታወቅ። ከኔ ወስዳችሁ ጭቃ አድርጋችሁ ልትተዉት ከሆነ እኔ ስንዴ ልዝራበት።" ጂኦግራፊ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ነገሩ የገባው ግን እሱ ነው።

አሁን ያለንበት ይሄ ነው። የካርታ ማረሚያው ማመልከቻ ገብቷል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል። መንገድ ቢሮ ያለው ሰውዬ ካርታው ሲታረም የቀበሌውን ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ኑ፣ ወጥቼ እለካዋለሁ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ለቀጣዩ በጀት አቀርበዋለሁ ብሏል። ይገባል አላለም። እድሩ ለሁለት የሲሚንቶ ቱቦ የሚሆን አዋጥቶ ቱቦዎቹ ተገዝተዋል፤ ፒስታው ዳር ተጋድመው ልጆች ውስጥ ለውስጥ እየገቡ ይጫወቱባቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ገመድ ወጥሮ ችካል ሲተክል ዋለ። ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ብዙ አላወራንም።

ቅጹ ላይ "የመንገዱ ስም" የሚል ክፍት ቦታ አለ። ሽማግሌዎቹ በአባታችን ስም ትጠራ አሉ። ወንድሜ እምቢ አለ። "ኋላ የግል መንገድ ትመስላለች" ነው ምክንያቱ። ለጊዜው ባዶውን ነው ያለው።

ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከታችኛው በኩል፣ ወንዙ አጠገብ ካሉት ቤቶች የአራት ቤተሰብ ደብተር ይጎድለናል። ልጆቻቸው አዳማም፣ አዲስ አበባም፣ ዓረብ አገርም እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ግማሻችሁን እኔው ነኝ ያስተማርኳችሁ። አሮጌው አረንጓዴ ደብተር ወላጆቻችሁ ጋ ካለ አዋሳኙ የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ አስነስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አዲሱን ካርታ አይደለም፣ አሮጌውን። ፎቶው የማይነበብ ከሆነ ደውሉልኝ፣ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።